ስለ ፍል ውሃና ስለ እንግዳ ማረፊያ

ፍል ውሃ የሚባለው በምድር ሆድ ሞቆ ወደ ላይ የሚፈልቅ ምንጭ ነው። የዝናብ ውሃ በዐለት ስንጥቅ እየሰረገ ወደ ጥልቅ ይወርዳል፤ ምድርም ወደ ታች በተወረደ ቍጥር ሙቀቷ ይጨምራል፤ በብዙ ስፍራ ጭማሪው በአንድ ኪሎ ሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ያህል ነው። በስምጥ ሸለቆ ግን ትኩሱ ድንጋይ ወደ ላይ የቀረበ ስለ ሆነ ውሃው ብዙ ሳይወርድ ይግላል። በአዋሽ ዳር ያለው ሶደሬና በሻሸመኔ አጠገብ ያለው ወንዶ ገነት በዚህ ምክንያት የታወቁ መታጠቢያና ማረፊያ ሆኑ።

ሰው ለገላው ዕረፍት ወደ ሞቀ ውሃ መሄዱ የጥንት ልማድ ነው፤ በሄደበትም ምግብና መኝታ ይሻል፤ መኝታ በተገኘበትም ገበያ ይቆማል። ለዚህ ከሩቅ አገር ምሳሌ መፈለግ አያሻም። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በእንጦጦ ሳሉ ተራራው ብርድና ነፋስ የበዛበት፥ ማገዶውም እየራቀ የሄደ ነበር። መኳንንቱና ሠራዊቱ ከታች በፊንፊኔ ወዳለው ፍል ውሃ እየወረዱ ይታጠቡ ነበር። እቴጌይቱም ስፍራውን ወደው በዚያ ቤት አሠሩ፤ ከተማዋም በ1879 ዓ.ም. ተቈርቍራ አዲስ አበባ ተባለች። ከተማ ለምሽግ ወይም ለንግድ ይቈረቈራል እንጂ ለመታጠቢያ ይቈረቈራል ብሎ የሚገምት ጥቂት ነው፤ ነገር ግን የሆነው ይህ ነው። ኋላም እቴጌይቱ በስማቸው የሚጠራውን ሆቴል አሠሩ፤ እንግዳን በዋጋ ማሳደርና መመገብ ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር በነበረበት ዘመን ይህ ቀላል ሥራ አልነበረም።

በእንግሊዝ አገር ባዝ የምትባል ከተማ አለች፤ ስሟም በቋንቋቸው መታጠቢያ ማለት ነው። ከምንጯ በየቀኑ ከአንድ ሚሊዮን ሊትር የሚበልጥ ውሃ ይፈልቃል፤ ሙቀቱም 46 ዲግሪ ያህል ነው። ሮማውያን በአንደኛው መቶ ዓመት በዚያ ቤተ መቅደስና መታጠቢያ አሠሩ። ንግሥት አን በአውሮፓ አቈጣጠር በ1702ና በ1703 ከጐበኘቻት በኋላ ባለጠጎች እየጐረፉ፥ ማረፊያ ቤቶችም እየበዙ ከተማይቱ አማረች።

ይሁን እንጂ በ1971 ዓ.ም. በዚህ ውሃ የዋኘች አንዲት ልጅ ታማ ሞተች። የገደላትም ኔግሌሪያ የሚባል፥ በአጉሊ መነጽር ካልሆነ የማይታይ ነፍሳት ነው። ይህ ነፍሳት በሞቀ ውሃ ይራባል፤ ውሃው በአፍንጫ ሲገባ ወደ አንጐል ይወጣል። ሕመሙ እጅግ ጥቂት ጊዜ የሚደርስ ነው፤ የያዘው ሰው ግን የሚተርፈው በጭንቅ ነው። ባዝም መዋኛውን ዘጋች፤ ውሃም ከጥልቅ ጕድጓድ በንጽሕና እየተቀዳ አዲሱ መታጠቢያ የተከፈተው በ1998 ዓ.ም. ነው። በሮማውያኑ ገንዳ ግን ዛሬም ጐብኚ ያያል እንጂ አይታጠብም።

ብዙ ሰው ውሃው ሞቃት ከሆነ ንጹሕ ነው ብሎ ያምናል። ለብታ ግን ነፍሳትን ያራባል እንጂ አይገድልም። እንግዲህ በቀበሌው ፍል ውሃ ያለ መምህርም ሆነ ሽማግሌ፥ እንግዳ ይምጣልን ከማለቱ በፊት ምንጩን ይመልከት። ዐይኑ በድንጋይ ይከበብ፤ ከብት አይግባበት፤ ልብስ የሚታጠበው ከገንዳው በታች ይሁን። መጸዳጃ ቤት ከምንጩ በላይ ፈጽሞ አይቈፈር፤ ከታች በኩል ርቆ ይቈፈር እንጂ። የገንዳው ውሃ ዘወትር ይፍሰስ፤ ገንዳውም በየጊዜው ባዶ ሆኖ ይፈግፈግ።

ተማሪዎች ጭንቅላታቸውን ውሃ ውስጥ እንዳይነክሩ፥ ከድንጋይም ዘለው እንዳይገቡ ይነገራቸው። 60 ዲግሪ የደረሰ ውሃ የሕፃንን ገላ በጥቂት ቅጽበት ይልጣል፤ ስለዚህ ትኩሱ ከቀዝቃዛ ሳይቀላቀል ልጅ አይግባ። ስለ መጠጡም አንድ ነገር መታወቅ አለበት፤ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ምንጭ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን ይበዛበታል፤ በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም ሲያልፍ የልጆችን ጥርስ ያበልዛል፤ እጅግ ሲበዛም አጥንት ይጐዳል። ማፍላት ይህን አያወጣውም፤ ይልቁንም ውሃው በተን ባለ መጠን ማዕድኑ ይጠነክራል። መርማሪ ሳያየው ለመጠጥ አይቀዳ።

ለእንግዳ የሚሠራው ቤት ከውሃው ፈንጠር ይበል፤ እርጥበት ግድግዳን ያፈርሳል፥ አልጋንም ያሻግታል። መኝታው ንጹሕ፥ ዋጋውም በበሩ ላይ የተጻፈ ይሁን። ከሚገባው ገንዘብ አስቀድሞ የምንጩ ጠባቂ ደመወዝና የአጥሩ ማደሻ ይነሣ፤ ሒሳቡም በመዝገብ ተጽፎ በየወሩ በሽማግሌዎች ፊት ይነበብ።