ዓይኑን ያጣው ደራሲ
ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት

ለሚ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚመለከት ሰው የጀማን ሸለቆ ያያል። የጀማ ውኃ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይም ግብፅ ይደርሳል። በዚያው በዓባይ ዳር፣ በላይኛው ግብፅ፣ በ1889 (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጣሃ ሁሴን የተባለ ልጅ ተወለደ። በኋላ በዐረቡ ዓለም ሁሉ የታወቀ ደራሲ ሆነ። ዛሬ የእርሱን ሕይወት እናጠናለን።

1. ዓይኑ እንዴት ጠፋ?

ጣሃ አባቱ ከወለዷቸው 13 ልጆች ሰባተኛው ነበር። ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ዓይኑን ታመመ። በዚያ ሁሉ ልጅ መካከል ለጥቂት ቀናት ልብ ያለው ሰው አልነበረም። በመጨረሻ የተጠራው የመንደሩ ፀጉር ቆራጭ ነው፤ እርሱ ባደረገለት ሕክምና የልጁ ብርሃን ጨርሶ ጠፋ። ቤተሰቡ ልጁን ጠልቶ አይደለም። ያጠፋው ቸልታና አለማወቅ ነው።

በግብፅ ላይ ግን አንፍረድ። በ2005 እና 2006 በአገራችን በተደረገው ጥናት በአማራ ክልል ከ1 እስከ 9 ዓመት ካሉ ልጆች ከመቶው 62 ያህሉ ትራኮማ ተገኝቶባቸዋል። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ዕደላው ብዙ ቢረዳም በሽታው ገና አልጠፋም። ትራኮማ በዝንብ፣ በእጅና በጋራ ፎጣ ይተላለፋል። ደጋግሞ የያዘው ሰው ከዓመታት በኋላ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ብሌኑን ይፍቃል። ብዙዎች ፀጉሩን በወረንጦ እየነቀሉ ይኖራሉ፤ ፀጉሩ ግን ተመልሶ ይበቅላል። መፍትሔው የታወቀ ነው፦ ፊትን መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤት መሥራት፣ የሚታደለውን መድኃኒት መውሰድ፣ ሽፋሽፍቱ ለታጠፈበትም ቀላል ቀዶ ሕክምና ማድረግ።

2. እንዴት ተማረ?

ጣሃ ገና በልጅነቱ ቁርዓንን በቃሉ አጠና። ይህ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም፤ በአገራችንም የቃል ትምህርት ለዓይነ ስውራን በር ከፍቶ የቅኔ መምህራን አድርጓቸዋል። በ1902 ካይሮ ወደሚገኘው አል-አዝሃር ገባ። በፈተናው ቀን ፈታኙ በስሙ ሳይሆን በዕውርነቱ እንደ ጠራው፣ ነገሩም እንዳቆሰለው በኋላ ጽፏል።

በ1914 ከካይሮው ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበለ። የጥናቱም ርእስ እንደ እርሱ ዓይነ ስውር የነበረው ባለቅኔ አል-መዓሪ ነበር። ከዚያም ፈረንሳይ ሄደ። በዚያ ሱዛን የምትባል ወጣት መጻሕፍት ታነብለት ጀመር፤ በ1917 ተጋቡ።

3. ምን ሠራ?

መጻሕፍቱን እርሱ በቃል ሲናገር ሌሎች ይጽፉለት ነበር። በ1929 በመጽሐፍ የወጣው የልጅነቱ ታሪክ «አል-አያም» በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል። በ1934 የወጣው «የካራዋን ወፍ ጥሪ» የተባለው ልብ ወለዱ በ1959 ፊልም ሆነ። ከ1950 እስከ 1952 የትምህርት ሚኒስትር ሆኖ ትምህርት ለድኻው ልጅ ያለ ክፍያ እንዲሰጥ ታገለ። ያረፈው በ1973 ነው።

4. ለእኛ ምን ያስተምረናል?

«ጎበዝ ስለ ነበረ ተሳካለት» ብለን ብናልፍ ትምህርቱ ያመልጠናል። ጎበዝ ነበር፤ ነገር ግን በየደረጃው እጁን ይዞ የመራው፣ ያነበበለት፣ የጻፈለት ሰው አላጣም። በአገራችንም ከአማራ ሳይንት የተገኘችው የትነበርሽ ንጉሤ በአምስት ዓመቷ ዓይኗን ብታጣም፣ ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ስለ ገባች ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በሕግ ተመረቀች። በ2017 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ተቀብላለች።

እንግዲህ አንድ ሕፃን ዓይኑን ሲያመው ፈጥነን ወደ ጤና ጣቢያ እናድርስ። ብርሃኑ የጠፋበትን ልጅ ደግሞ «ምን ይሠራል?» ብለን ከምድጃ ዳር አናስቀምጠው። የሚጎድለው አእምሮ ሳይሆን መሪ፣ አንባቢና ትምህርት ቤት ነው።

ለመወያያ

ሀ. በሰፈራችን ከቤት የማይወጣ ዓይነ ስውር ልጅ አለን? ስሙን እናውቃለን?
ለ. በሳምንት አንድ ሰዓት ሊያነብለት የሚችል ማን ነው?
ሐ. በየቤታችን የልጆች ፊት በቀን ስንት ጊዜ ይታጠባል? ፎጣውስ የስንት ሰው ነው?