አንድ ቦታ የማይረጋ ተጫዋች፦ ፍቅሩ ተፈራና የአጭር ኮንትራት ሒሳብ

ከሰንጋ ተራ ስታዲየም በእግር ቅርብ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ኮሜርስ ግቢ የምንማር ልጆች በሻይ ሰዓት ስለ ኳስ ብናወራ አይገርምም። ከወሬያችን ሁሉ ግን አንድ አባባል ይከነክነኛል። ክለብ የሚቀያይር ተጫዋች ሲነሳ «እሱ እኮ አንድ ቦታ አይረጋም» ይባልና ነገሩ በዚያው ያልቃል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት የምሞክረው፣ አለመርጋት ብዙ ጊዜ የጠባይ ሳይሆን የሥራ ውል ጉዳይ መሆኑን ነው።

1. ፍቅሩ ተፈራ ማን ነው?

ፍቅሩ እ.ኤ.አ. በ1986 የተወለደ አጥቂ ነው። ጎል ሲያገባ አየር ላይ በመገለባበጥ ደስታውን ይገልጽ ስለነበር ብዙዎቻችሁ ታስታውሱታላችሁ። ከቅዱስ ጊዮርጊስ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዶ ለኦርላንዶ ፓይሬትስ፣ ለሱፐርስፖርት ዩናይትድ፣ ለፍሪ ስቴት ስታርስና ለቢድቬስት ዊትስ ተጫውቷል። በመሐሉም ቼክ ሪፐብሊክን፣ ፊንላንድንና ቬትናምን አዳርሷል።

ከሁሉም የሚገርመው የህንዱ ታሪክ ነው። የህንድ ሱፐር ሊግ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 12 ቀን 2014 በኮልካታ ሲጀመር፣ በሊጉ ታሪክ የመጀመሪያዋን ጎል ያስቆጠረው ፍቅሩ ነበር። አትሌቲኮ ደ ኮልካታ ሙምባይ ሲቲን 3 ለ 0 አሸነፈ። በኋላ ግን ከጎዋ ጋር በተደረገው ግጥሚያ በፈጸመው ጥፋት ሁለት ጨዋታ ታገደ፤ ወደ ውድድሩ ማብቂያ ደግሞ ጉዳት መጣ። ታኅሣሥ 20 ቡድኑ ኬራላን 1 ለ 0 አሸንፎ ዋንጫ ሲበላ ፍቅሩ ሜዳ ውስጥ አልነበረም። በሚቀጥለው ዓመት ለዚያው ሊግ ሌላ ክለብ፣ ለቼናይን፣ ተጫወተ።

ልብ በሉ፤ ከመጀመሪያው ጨዋታ እስከ ፍጻሜው 70 ቀን እንኳ አይሞላም። የሰውየው የሥራ ወቅት ያ ነው። ታዲያ በ70 ቀን ውስጥ የትኛው ሠራተኛ ነው «የሚረጋው»?

2. ውሉ ምን ይላል?

በፊፋ ደንብ መሠረት የአንድ ተጫዋች ኮንትራት ቢያንስ እስከ ውድድር ዘመኑ ማብቂያ፣ ቢበዛ ደግሞ አምስት ዓመት ይቆያል። ዝነኛው ተጫዋች ረጅሙን ይፈርማል፤ ሌላው አጭሩን። እ.ኤ.አ. በ1995 የአውሮፓ ፍርድ ቤት በቦስማን ጉዳይ በሰጠው ውሳኔ፣ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ የሆነ ተጫዋች ውሉን ከጨረሰ አዲሱ ክለብ የዝውውር ገንዘብ ሳይከፍል መሄድ ቻለ። ይህ ለተጫዋቹ ትልቅ ነፃነት ነው። ነገር ግን ነፃነቱ ሁለት ስለት አለው፤ ውሉ ሲያልቅ ተጫዋቹ እንደሚሄድ ሁሉ ክለቡም «ደህና ሁን» ማለት ይችላል። ጉልበቱ የታመመ ሰው ደግሞ አዲስ ፈራሚ በቀላሉ አያገኝም።

3. ሒሳቡ

ትምህርታችን የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ለማስረዳት ያህል ሁለት ተጫዋቾች እንውሰድ። አንዱ በወር 40,000 ብር እያገኘ 12 ወር ይሠራል፤ የዓመት ገቢው 480,000 ብር ነው። ሌላው በወር 60,000 ብር ያገኛል፤ ግን የሚሠራው ስድስት ወር ብቻ ነው። ገቢው 360,000 ብር ይሆናል። ሰፈር ውስጥ «ሀብታሙ» የሚባለው ሁለተኛው ነው፤ ደብተሩ ግን ሌላ ይላል። በዚያ ላይ ሥራ በሌለበት ወር የቤት ኪራይ አይቆምም፣ ቤተሰብም መጠየቁን አይተውም። ሰው የሚያውቀው የፈረመበትን ቀን እንጂ ውሉ ያለቀበትን ቀን አይደለም።

ጡረታውንም እንይ። በአገራችን ሕግ መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። የዕድሜ ልክ አበል ለማግኘትም ቢያንስ 10 ዓመት ማገልገል ያስፈልጋል። ኳስ ተጫዋች ግን በ35 ዓመቱ «አርጅቷል» ይባላል፤ ከ60 እስኪደርስ 25 ዓመት ይቀረዋል። ወጣትነቱን በአምስት አገር የበተነ ሰው እነዚህን 10 ዓመታት ከየት ይሰበስባቸዋል?

4. ማጠቃለያ

ከላይ እንደተመለከትነው፣ ከክለብ ክለብ የሚዞር ተጫዋች ሰነፍ ወይም ወረተኛ ስለሆነ ብቻ አይደለም የሚዞረው። ብዙውን ጊዜ የኮንትራት ሠራተኛ ስለሆነ ነው። ስለዚህ የሰፈራችን ልጅ ሊፈርም ሲል «ስንት ሰጡህ?» ብቻ ብለን አንለፈው። ለስንት ወር ነው? ብትጎዳ ማን ያሳክምሃል? ደመወዝህስ ይቀጥላል? ውሉን ያነበበልህ ሰው አለ? ብለን እንጠይቀው። ሒሳብና ሕግ የተማርን ልጆች ውሉን ከመፈረሙ በፊት አብረነው ብናነብለት፣ ጎል ሲያገባ ከምናጨበጭብለት ጭብጨባ የበለጠ ይጠቅመዋል።