ሥዕልን በድርሰት መግለጽ

ስለ ሥዕል ድርሰት የሚጽፍ ተማሪ ሦስት ነገሮችን መለየት ይገባዋል። እነርሱም በዓይን የሚታየው፣ ከታሪክ የሚታወቀውና ጸሐፊው የሚገምተው ናቸው። ሦስቱ ከተደባለቁ ድርሰቱ አንባቢን ያሳስታል፤ ሰውንም ያለ ጥፋቱ ያስወቅሳል።

ራማያና የተባለውን የሕንዶች ጥንታዊ የጀግኖች ታሪክ የሚያሳዩ የውሃ ቀለም ሥዕሎች አሉ። ገላው ሰማያዊ የሆነ ሰው ቀስት ይዞ፣ ዐሥር ራስ ካለው ባላጋራ ጋር ሲዋጋ ይታይባቸዋል። ዓይን የሚነግረን ይህን ብቻ ነው። ባለ ቀስቱ ልዑል ራማ፣ ባላጋራውም ሚስቱን ሲታን የነጠቀው የላንካ ንጉሥ ራቫና መሆኑን የምናውቀው ከታሪኩ ነው። ታሪኩን ያልሰማ ጸሐፊ «ሰውየው ታሟል» ቢል ግምቱን እንደ እውነት ቈጠረ ማለት ነው።

የዚህን ዓይነት ስሕተት ጉዳት የሚያሳይ ታሪክ በአገራችንም አለ። ዛሬ መካነ ሰላም በምትገኝበት በጥንቱ ቤተ አምሐራ፣ እ.ኤ.አ. ከ1468 እስከ 1478 የነገሡት ዐፄ በእደ ማርያም ያሠሩት አትሮንስ ማርያም የተባለ ቤተ ክርስቲያን ነበር። የቬኒስ ተወላጅ የሆነው ሠዓሊ ኒኮሎ ብራንካሌዎን እመቤታችንን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋ በዚያ እንደ ሣላት ይተረካል። በሠዓሊው አገር ይህ የተለመደ አሣሣል ነው። በእኛ ዘንድ ግን የክብር ቦታ ቀኝ ስለ ሆነ፣ ብዙዎች «ጌታን አዋረደ» ብለው ተቈጡ።

እነዚህን ዓረፍተ ነገሮች አስተያዩ፦

ሀ/ እናቲቱ ሕፃኑን በግራ ክንዷ ታቅፋለች።
ለ/ እናቲቱ ድንግል ማርያም ናት።
ሐ/ ሠዓሊው ሕፃኑን ለማዋረድ ፈልጓል።

«ሀ» የሚታይ፣ «ለ» የሚታወቅ ነው። «ሐ» ግን ግምት ሆኖ ሳለ፣ ማሰሪያ አንቀጹ «ፈልጓል» የተረጋገጠ ነገር አስመስሎታል። «የፈለገ ይመስላል» ቢባል ኖሮ፣ አንባቢው «በምን ታወቀ?» ብሎ በጠየቀ ነበር። ስለዚህ ለሚታየው «ይታያል»፣ ከታሪክ ለተገኘው «ይተረካል»፣ ለግምት «ይመስላል» የሚሉትን ማሰሪያዎች በየቦታቸው አግቡ።

መልመጃ

በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን አሣሣል ጻድቃን ሁለት ዓይናቸው እየታየ፣ ክፉዎች ግን በጎን በኩል አንድ ዓይናቸው ብቻ እየታየ ይሣላሉ። በአካባቢያችሁ የሚገኝ አንድ ባለ ታሪክ ሥዕል መርጣችሁ፣

1. የሚታየውን ብቻ በአምስት ዓረፍተ ነገር ጻፉ።
2. ታሪኩን ከሚያውቁ አዛውንት ጠይቃችሁ ሁለተኛ አንቀጽ ጨምሩ።
3. ግምታችሁን ከነምክንያቱ በሦስተኛ አንቀጽ ግለጹ።