ኮንቴይነሩ ለማን ምን ያቀብላል?

የጋዜጠኝነት ተማሪ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍ ምን አገባው የሚል አንባቢ አይጠፋም። ታዲያ ዜናችን የሚወጣው በድረ ገጽ ከሆነ፣ ድረ ገጹ ከውስጥ እንዴት እንደሚገጣጠም ማወቁ አይጎዳንም።

አንድ የዜና ድረ ገጽ እንውሰድ። ዜና የሚያትም ክላስ አለው፤ «ዜና አታሚ» እንበለው። ሥራውን ለመሥራት ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ዜናው የሚቀመጥበት ማከማቻና ዜናውን ያስገባው ሰው ማን እንደሆነ የሚነግረው ሌላ ክላስ። ዲፔንደንሲ የሚባሉት እነዚህ ናቸው። ሁለቱንም ራሱ ከፈጠራቸው ግን ዳታቤዙ በተቀየረ ቁጥር እሱም ይነካካል፤ ለብቻው ልፈትነው ቢሉም አይመችም። ስለዚህ በኮንስትራክተሩ በኩል «እነዚህን ስጡኝ» ብሎ ይጠብቃል። ዲፔንደንሲ ኢንጀክሽን የሚለው ስም የተለመደው ማርቲን ፋውለር እ.ኤ.አ. በ2004 ካወጣው ጽሑፍ ወዲህ ነው።

የሚሰጠው ማነው? ኮንቴይነሩ ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ «ማከማቻ የሚጠይቅ ሲመጣ ይሄንን ክላስ ስጥ» እየተባለ ይመዘገብለታል። በኋላ «ዜና አታሚ» ሲፈለግ ኮንስትራክተሩን ያያል፤ ማከማቻ ይፈልጋል፤ ማከማቻው ደግሞ የዳታቤዝ ግንኙነት ይፈልጋል፤ እንዲህ እየወረደ ከታች ጀምሮ ሠርቶ ወደ ላይ ያቀብላል። ያልተመዘገበ ነገር ካጋጠመው በስህተት መልእክት ያቆማል። ይሄ ቀላሉ ችግር ነው፤ ቢያንስ ይታያል። (ለትንሽ ፕሮግራም ግን ኮንቴይነር ባይኖርም በእጅ መገጣጠም ይበቃል ባይ ነኝ።)

ከባዱ የዕድሜው ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 በወጣው የማይክሮሶፍት ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ውስጥ አንድ ነገር ሲመዘገብ ዕድሜውም አብሮ ይነገራል። ትራንዚየንት ከተባለ በተጠየቀ ቁጥር አዲስ ይሠራል። ስኮፕድ ከሆነ ከአንሺው ለሚመጣ ለአንድ ጥያቄ አንድ ብቻ ነው። ሲንግልተን ደግሞ ፕሮግራሙ እስኪዘጋ ያው አንዱ ነው።

እንግዲህ «ዜና አታሚ» ሲንግልተን፣ የሰውየውን ስም ገና ሲፈጠር የሚይዘው ክላስ ደግሞ ስኮፕድ ሆነው ተመዘገቡ እንበል። አታሚው አንዴ የተሰጠውን ይዞ ይቀራል። ጠዋት ዜና ያስገባችው ሪፖርተር ስም ከሰዓት በኋላ ሌላ ሰው በጻፈው ዜና ላይ ይወጣል። ያልጻፈችው ዜና ክስ ቢያመጣ ተጠያቂ መስላ የምትታየው እሷ ናት! አስቸጋሪው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን ሲሞክረው ምንም ስህተት አለማየቱ ነው፤ ስሙ ሁልጊዜ የራሱ ነውና።

መፍትሔው አታሚውንም ስኮፕድ ማድረግ ነው፤ ረጅም ዕድሜ ያለው አጭር ዕድሜ ያለውን አይያዝ። ኤኤስፒ ዶት ኔት ኮር ይህን ራሱ የሚፈትሽበት መንገድ አለው። ነገር ግን ሳይነኩት የሚሠራው ፕሮግራመሩ ገና በሚሠራበት የዴቨሎፕመንት ሁኔታ ላይ ብቻ ነው፤ አንባቢ በሚያየው ሰርቨር ላይም እንዲፈትሽ ከተፈለገ አንድ ሰው ሆን ብሎ ሊከፍተው ይገባል።