የጥንቱን ደን በክረምት ስለ መሣል

ሥዕል መማር የጀመረ ሰው ሁሉ ዛፍ መሣል ቀላል ይመስለዋል። እኔም እንዲሁ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው ክረምት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ግን የውሃ ቀለሜን ይዤ ከአጎቴ ጋራ ወደ መናገሻ ሱባ ደን በሄድሁ ጊዜ ስሕተቴን ተረዳሁ።

ይህ ደን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፥ በወጨጫ ተራራ ላይ ይገኛል። በ15ኛው ምዕተ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው ጽድ እንዳስተከሉበት ሲወርድ ሲዋረድ በመጣው አፈ ታሪክ ይነገራል። ከጽዱም ሌላ ዝግባ፥ ወይራና ኮሶ አሉበት።

የመጀመሪያውን ሥዕሌን በአንድ ሰዓት ጨረስሁ። ዛፎቹን ሁሉ ቀጥ ቀጥ አድርጌ አንድ ዐይነት አረንጓዴ ቀባኋቸው። አጎቴ አይተው፥ «ልጄ፥ ባሕር ዛፉን ደኅና አድርገህ ሥለኸዋል፤ ጽዱስ የት አለ?» አሉኝ። እጅግ ዐፈርሁ። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በ19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ነው፤ እጄ ግን ዐይኔ ያየውን ትቶ በሰፈራችን የለመደውን ሣለ። በማግሥቱ እንደገና ስጀምር የተማርሁትን ለጓደኞቼ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

አንደኛ፥ የዛፉን ዕድሜ መመልከት ይገባል። አብረው የተተከሉ ባሕር ዛፎች እኩያሞች ናቸው፤ በጥንት ደን ግን ከሽማግሌው ጽድ ሥር ቡቃያው፥ ከቡቃያውም ጎን የወደቀው ግንድ ይታያል። የሽማግሌው ግንድ ሸንተረራም ነው፤ ቅርፊቱም በቀጭን በቀጭኑ ይላጣል።

ሁለተኛ፥ ጉሙን ማስተዋል ነው። የጉሙ ጠብታዎች ብርሃኑን ስለሚበትኑት የቅርቡ ዛፍ ጠቍሮ፥ የሩቁ ፈዞ ይታያል። ስለዚህ ለጉሙ ነጭ ቀለም አልፈለግሁም፤ ወረቀቱን ራሱን ተውሁለት።

ሦስተኛ፥ ትዕግሥት ነው። በውሃ ቀለም ፈዛዛው ይቀድማል፥ ጥቁሩ ይከተላል፤ ፈዛዛው ጥቁሩን ሊሸፍነው አይችልምና። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለ ሆነ ወረቀት ቶሎ አይደርቅም፤ እኔም ቸኩዬ ጥቁሩን በማስከተሌ ቀለሙ እየተደባለቀ ሁለት ወረቀት አበላሸሁ።

በሦስተኛው ቀን አጎቴ ሥዕሉን አይተው፥ ጣታቸውን ከአንዱ ግንድ ላይ አኑረው፥ «ይኸማ ያ ከምንጩ አጠገብ ያለው ጽድ ነው!» አሉ። ከዚህ የበለጠ ምስጋና አልሻም።

ስንመለስ በመንገድ ዳር አንድ የጽድ ጉቶ አየሁ። ክበቦቹን ብቈጥር ከመቶ በለጡብኝ። ያን ዛፍ ከእንግዲህ ማንም አይሥለውም። ስለዚህ፥ ጓደኞቼ፥ በሚመጣው ክረምት ወረቀታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ዛፍም መርጣችሁ ከሌላው እስክትለዩት ድረስ ተመልከቱት።