የተጀመረ ፎርም እንዳይጠፋ

ፎርም መሙላት ድሮ በወረቀትና በእስክሪብቶ ነበር። ዛሬ ግን ፓስፖርት የሚያወጣውም ሥራ የሚፈልገውም ብዙውን ጊዜ በስልክ ወይም በኮምፒዩተር ይሞላል።

አንዲት እናት ከገጠር ቀበሌ ተነሥተው ወረኢሉ ከተማ ኮምፒዩተር ቤት ደረሱ እንበል። ልጁ ስማቸውን፣ የአባታቸውን ስም፣ የትውልድ ዘመናቸውን እየጠየቀ ይጽፋል። ሊጨርስ ሁለት ጥያቄ ሲቀረው መብራት እልም ይላል። ሲመለስ ፎርሙ ባዶ ነው። «እናቴ፣ እንደገና ልጀምር» ይላቸዋል። እሳቸው ግን መኪና ሊያመልጣቸው ነው! ጥፋቱ የመብራቱ ብቻ አይደለም፤ ገጹን የሠራው ባለሙያም ድርሻ አለበት።

ድረ ገጹን የሚልክልን ሩቅ ያለ ኮምፒዩተር ሰርቨር ይባላል። «ላክ» የሚለው እስኪነካ ድረስ የጻፍነው ወደ ሰርቨሩ አልሄደም። እፊታችን ባለው መሣሪያ ላይ ለጊዜው ተይዟል፤ ኃይል ሲቋረጥ ይጠፋል። ሰርቨሩም በባሕርዩ ዝንጉ ነው፤ ትናንት የመጣውን ሰው ዛሬ በራሱ አያውቀውም።

የጤና ጣቢያን ካርድ ክፍል አስቡ። ታሪካችን የተጻፈበት ካርድ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል፤ እኛ የምንይዘው ቁጥር ያለባትን ትንሽ ወረቀት ነው። ኩኪ የሚባለው እንደዚያች ወረቀት ነው። ዘዴውን እ.ኤ.አ. በ1994 ያወጣው የኔትስኬፕ ኩባንያ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ነው። አንድ ኩኪ 4 ኪሎባይት ያህል ብቻ ይይዛል፤ ሰርቨሩን በጠየቅን ቁጥርም አብሮ ይሄዳል። ስለዚህ ቁጥር ይያዝበት እንጂ ረጅም ማመልከቻ አይጫንበትም።

ለማመልከቻው የሚሻለው ሎካል ስቶሬጅ ነው። ይህ በራሱ በመሣሪያው ውስጥ ያለ ጎተራ ነው። ለአንድ ድረ ገጽ 5 ሜጋባይት ያህል ቦታ አለው፤ ኮምፒዩተሩ ቢጠፋም የገባው ይቆያል። ባለሙያው ገጹን እንዲህ ያዘዋል፦ ሰው በጻፈ ቁጥር አስቀምጥ፤ ገጹ እንደገና ሲከፈት አንብበህ ሙላ፤ ፎርሙ ሰርቨሩ ዘንድ መድረሱ ሲረጋገጥ አጥፋ። ይህችን የመጨረሻዋን ብዙዎች ይረሷታል። ፎቶግራፍ ግን እንደገና መመረጥ አለበት፤ ገጹ ከመሣሪያው ፋይል በራሱ እንዲያነሣ ብራውዘሩ አይፈቅድለትም።

ጎተራው ከመሣሪያው አይነቀልም። ወረኢሉ የተጀመረው ፎርም ደሴ ላይ በሌላ ኮምፒዩተር ቢከፈት ባዶ ነው። ያ እንዲሆን ከተፈለገ ረቂቁ በሰርቨሩ ተቀምጦ ለባለጉዳይዋ ቁጥር ይሰጣታል፤ ያው የካርድ ክፍሉ አሠራር ነው።

ትልቁ ጣጣ ሌላ ነው። ኮምፒዩተር ቤቱ የጋራ ነው። የእናትየዋ ስምና የመታወቂያ ቁጥር እዚያው ከቀረ፣ ቀጥሎ የሚቀመጠው ሰው ሊያነበው ይችላል። ስለሆነም የይለፍ ቃልና የባንክ ምስጢር ቁጥር ጎተራው ውስጥ ፈጽሞ አይገቡም። ለቀረውም ገጹ «ይህ መሣሪያ የግልዎ ነው? ላስቀምጥልዎ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለውም። በ2016 ዓ.ም. የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 ወጥቷልና ነገሩ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

በጋራ ኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው በብራውዘሩ የግል መስኮት ቢከፍት፣ መስኮቱ ሲዘጋ ጎተራውም ይጸዳል። መብራት ሲጠፋም ታዲያ ያው ነው፤ ፎርሙ እንደገና ከስም ይጀመራል።