ቫይረሱ ከደም ከጠፋ በኋላ የሚቀረው ሕመም

እ.ኤ.አ. በ2019 በድሬዳዋ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያጠቃው ቺኩንጉንያ፣ ትኩሳቱ በሳምንት ገደማ ቢበርድም፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ በአንዳንዶች ላይ ለወራት፣ አልፎም ለዓመታት ይዘልቃል። ስያሜው በማኮንዴ ቋንቋ «የሚያጎብጥ» እንደ ማለት ነው፤ ሕሙማኑን ላየ ሰው ስሙ አልተጋነነም።

ቫይረሱ ከደም ከጠፋ ሕመሙ ከወዴት ይመጣል? ምንጩን በራሳችን የመከላከያ ሥርዓት ውስጥ እናገኘዋለን። ማክሮፋጅ የተባሉ ሕዋሳት ወደ መገጣጠሚያው ሽፋን ገብተው እንደ ኢንተርሉኪን-6 ያሉ መልእክተኛ ፕሮቲኖችን ያመነጫሉ። በዚህም የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ፈሳሽ ይሰርጋል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል፤ ብግነት የምንለው ይህንን ነው። በአንዳንድ ሕሙማን መገጣጠሚያ የቫይረሱ አር.ኤን.ኤ. ከወራት በኋላም ተገኝቷል፤ ብግነቱን ለመቆስቆስ ቅሪቱ ብቻ ሳይበቃ አይቀርም።

ስለዚህ አንቲባዮቲክ እዚህ ላይ አይረዳም። አስፕሪንም ቢሆን ዴንጊ አለመሆኑ ሳይረጋገጥ አይወሰድም፤ ሁለቱንም በሽታዎች የምታስተላልፈው አንድ ዓይነት ትንኝ ናትና፣ ዴንጊ ደግሞ ደም ሊያፈስስ ይችላል።